ካታሊና 22 ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ላይ ላወርድ ነው፣ አናፖሊስ አካባቢ ያላችሁ ምከሩኝ

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን። እኔ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለፈው ፎል ላይ ጡረታ ከወጡ አንድ ሽማግሌ ካታሊና 22 የምትባል የሸራ ጀልባ ከነትሬለሯ ገዛሁ፣ ኪሏ (ከሥሯ ያለው ሚዛን የሚጠብቅላት ብረት) በኬብል የሚወርድና የሚወጣው ዓይነት ናት። ሰውየው በደንብ ይዘዋታል ግን ውሃ ካየች ቆይታለች። ዊንተሩን ሙሉ ጓሮ ላስቲክ ለብሳ ከረመች፣ አሁን ቼሪው ማበብ ሲጀምር ልቤ እዛው ጓሮ ነው የሚውለው፣ ከሥራ ስመጣ ቤት ሳልገባ መጀመሪያ እሷን ነው ዞሬ የማያት።

ሸራ ከፍቶ መሄዱን በመጠኑ እችላለሁ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በሱ ጀልባ እየወጣሁ ነው የተማርኩት። ግን የሱ ጀልባ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ታስራ የምትውል ስለሆነች ከትሬለር ላይ ወደ ውሃ ማውረድን በዓይኔ አየሁት እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ምሰሶውም ተኝቶ ነው ያለው፣ ማቆም አለብኝ። መኪናዬ ሃይላንደር ባለ 6 ሲሊንደር ነው፣ ሞተሯ ደግሞ 4 ፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ነገር ናት።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ከመሄዴ በፊት ምን ምን ልፈትሽ? የትኛው ራምፕ (ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት) ይሻለኛል? ምሰሶውን ለሁለት ሰው ማቆም ይቻላል ወይ? ሐሳቤ ለዳግማይ ትንሳኤ እሁድ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና ከአገር ቤት የመጡትን አባቴን ይዤ ለመውጣት ነው። አባባ ባህር ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ሳይመለሱ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

የቤይዋ ልጅ፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ፣ በጣም ጥሩ ጀልባ ነው የገዛኸው። ካታሊና 22 ከ1969 ጀምሮ ስትሠራ የኖረች ናት፣ ከ15 ሺህ በላይ ተሠርታለች፣ ስለዚህ የማይገኝ ዕቃ የላትም ማለት ይቻላል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ያቺው አለችኝ፣ አናፖሊስ ነው የማወርዳት።

መጀመሪያ ስለ ኪሉ ልንገርህ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ቀለም ምናምን ሲል ይሄን ይረሳዋል። ያ ኪል 550 ፓውንድ የሚመዝን ብረት ነው፣ ወደ 250 ኪሎ ማለት ነው፣ የሚይዘው ደግሞ አንድ ቀጭን ኬብል ነው። ኬቢኑ ውስጥ ከመውረጃው ደረጃ ስር የእጅ መጠምጠሚያው አለ፣ ከሱ ሥር ኬብሉ በአንድ ወፍራም ጎማ ቱቦ ውስጥ አልፎ በጀልባው ወለል ይወጣል። ወለሉ ላይ ቱቦው የሚገባበት ጉብ ያለ ነገር አለ፣ ባለጀልባዎቹ ቮልኬኖ ነው የሚሉት። እሱ ጉብታ ከውሃ መስመር በታች ነው!! ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይ ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚያስረው ቀለበት) ዝጎ ከላላ ውሃው በቀጥታ ኬቢን ውስጥ ነው የሚገባው። ባትሪ አብርተህ ጎንበስ በል፣ ቱቦውን በጣትህ ተጫነው፣ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወይ ጫፉ ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየህ ሳታመነታ ቀይረው፣ ፋሸታውንም እላይና እታች ሁለት ሁለት አድርገህ በስቴንለስ እሰር። ኬብሉን ደግሞ ጓንት አድርገህ በእጅህ ዳብሰው፣ አንድ ክር እንኳን ተበጥሶ ብቅ ካለ ያው አልቋል ማለት ነው። ኪሉ ትሬለሩ ላይ ሲሆን ክብደቱ ትሬለሩ ላይ እንዲያርፍ እንጂ ኬብሉ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ምሰሶው ለሁለት ሰው ይቻላል፣ 25 ጫማ ገደማ አልሙኒየም ነው፣ እግሩ ላይ የሚታጠፍበት ፒን አለው። የጎንና የኋላ ሽቦዎቹን አስቀድመህ እሰራቸው፣ አንዱ ሰው ከኮክፒቱ (ኋላ ካለው መቀመጫ) ጀምሮ በትከሻው እየገፋ ወደፊት ይራመዳል፣ ሌላው ከፊት ሆኖ በገመድ ይስባል፣ ቀጥ ሲል የፊቱን ሽቦ ፒን ታስገባለህ። እዚህ ላይ እባክህ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እያት። ፒኑ የሚያዘው በአንዲት ትንሽ ቀለበት ነው፣ እሷ ከሌለች ፒኑ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ፒኑ ሲወጣ ምሰሶው ይወድቃል። ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ብረቱ የተጨመቀበት ቦታም ዝገት ወይ ስንጥቅ እንዳለው በደንብ ተመልከት፣ ሽቦው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሰውየውን ጠይቃቸው፣ አስራምናምን ዓመት ካለፈው መቀየሩን አስብበት።

ከሁሉም በላይ ግን ምሰሶውን ከማንሳትህ በፊት ቀና ብለህ ሰማዩን እይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ አይሆንም። ከቆመ በኋላም ከፓርኪንጉ እስከ ራምፑ የምትነዳበትን መንገድ በእግርህ ሂድበትና እያየህ ተመለስ፣ አልሙኒየም ምሰሶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካ ሰው ይሞታል፣ በየአገሩ የሆነ ነገር ነው።

ራምፕ ላልከው፣ አናፖሊስ ትራክስተን ፓርክ ቆንጆ ነው፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ ነው፣ ግን ስፓ ክሪክ ላይ ከድልድዩ ውስጥ በኩል ነው ያለው። ድልድዩ ተዘግቶ ሲሆን 15 ጫማ ብቻ ነው ከፍታው ስለዚህ ምሰሶ አቁመህ ለመውጣት እስኪከፈትልህ መጠበቅ አለብህ። ሳንዲ ፖይንት ደግሞ ስቴት ፓርኩ ውስጥ ነው፣ ቤይ ብሪጁ ሥር፣ 22 ራምፕ አለው፣ ሰፊ ነው፣ ግን ከመጠለያው እንደወጣህ ወዲያው ትልቁ ቤይ፣ ቼሳፒክ፣ ነው የሚቀበልህ። ለመጀመሪያ ቀን እኔ ትራክስተንን እመርጥልሃለሁ፣ ድልድዩ ሳትደርስ ክሪኩ ውስጥ በሞተር ዞር ዞር ብለህ ሁሉን ነገር መሞከር ትችላለህ።

ጋሽ መካኒክ (አሌክሳንድሪያ)፦

ልጄ እኔ ደግሞ ስለ ትሬለሩ ነው የምነግርህ፣ ጀልባውን ሁሉም ያየዋል፣ ትሬለሩን ግን ማንም አያየውም፣ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ጎማው ጥርሱ አላለቀም ብለህ እንዳትታለል፣ የትሬለር ጎማ በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው የሚያልቀው። ጎኑ ላይ መጨረሻ ላይ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብባቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ሁለተኛዎቹ ዓመቱን ነው የሚናገሩት፣ 2315 የሚል ከሆነ 2015 ላይ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ ጣለው።

ኩሽኔታውን ክፈተው። ግራሶው ጥቁር ሆኖ ቀጥኖ ከሆነ ወይ እንደ ወተት ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ አውጥተህ አጥበህ አዲስ ግራሶ ሙላው፣ ውሃ የሚከለክለውን ቀለበቱንም ቀይረው። ምክንያቱ ምን መሰለህ፣ ሮጠህ ስትመጣ ኩሽኔታው ያለበት የጎማው መሃል ይግላል፣ የጋለውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል። ስለዚህ ራምፑ ጋ እንደደረስክ ቶሎ አትውረድ፣ ምሰሶውን እስክታቆም ድረስ ይቀዘቅዛል። የመብራቱን ገመድም ከመኪናው ንቀለው አምፖሉ በሙቀቱ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል።

ክብደቱን በተመለከተ ጀልባው ብቻውን 2,250 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ ትሬለሩና ዕቃው ሲጨመር ወደ 3,500 ይጠጋል። ባለ 6 ሲሊንደር ሃይላንደር መጎተቻው በትክክል ከተገጠመለት 5,000 ድረስ ይስባል፣ ግን የራስህን መኪና መጽሐፍ አንብብ እንጂ በኔ ቃል አትሂድ።

ሞተሯ ላይ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ቤንዚን አትጠቀም፣ እዚህ አገር ያለው ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት ሲቆይ ካርቡራተሩን ይዘጋዋል፣ ጨርሰህ አፍስሰህ አዲስ ቅዳ። ካንዴላዋን ቀይር፣ ርካሽ ነው። የማርሽ ዘይቱን ከታች ያለውን ብሎን ፈተህ ትንሽ አውጣና እየው፣ የነጣ ከሆነ ውሃ የሚከለክለው ቀለበት መቀየር አለበት። ከዚያ ትልቅ በርሜል ውሃ ሞልተህ እዛው ጓሮህ አስነሳት፣ ከኋላዋ ቀጭን ውሃ ካልተፋች የውሃ ፓምፑ ጎማ ደርቋል ማለት ነውና ውሃ ላይ ወስደህ አትሞክራት። ቤትህ የማትነሳ ሞተር ራምፕ ላይ አትነሳም።

የሚኒሶታው፦

ካታሊና የለኝም ግን እዚህ ከሐይቅ ሐይቅ ስለምንዞር አንድ ነገር ልጨምር። ጀልባህን ሌላ ውሃ የምትወስዳት ከሆነ ውሃውን ሁሉ አፍስሰህ፣ ሣር ምናምኑን አራግፈህ አድርቀህ ነው። እኛ ጋ መንገድ ላይ ስትጎትት ማፍሰሻ ቡሹ ወጥቶ መሆን አለበት፣ ሕግ ነው፣ በዚብራ መስል የተነሳ፣ ትናንሽ ባለ ዛጎል የውሃ ፍጥረቶች ናቸው ሐይቁን የሚያበላሹት። እናንተ ጋ ያለው ሕግ ይለይ ይሆናል፣ ልማዱ ግን ለየትኛውም ውሃ ይጠቅማል።

ከባልቲሞር፦

ወረቀት ያነሳ ሰው የለም እኮ። ሜሪላንድ ውስጥ ሞተር ያላት የሸራ ጀልባ ዲኤንአር (የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አለባት፣ ታይትሉን በስምህ አዙረህ የግዢውን 5 ፐርሰንት ታክስ ከፍለህ ቁጥሯን ፊት ለፊቷ ላይ ትለጥፋለህ። አንተ ደግሞ በፈረንጅ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለድክ ከሆነ የጀልባ ደህንነት ሰርተፊኬት ያስፈልግሃል፣ ኦንላይን ይሰጣል፣ ዛሬ ጀምረው። እሳት ማጥፊያዋን ግልብጥ አድርገህ ዓመቱን እይ፣ አንዴ ብቻ የምትሠራው ዓይነት ከተሠራች 12 ዓመት ካለፋት ከ2022 ጀምሮ አትቆጠርልህም። ሮኬት ፍሌሮቹም (ለአደጋ ምልክት የሚተኮሱት) ጊዜያቸው 42 ወር ነው፣ ሽማግሌው የተዉልህ ካለ ቀኑ አልፎ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ወደምለው ልምጣ፣ ስለ ዳግማይ ትንሳኤው ነው። ሥራዬ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ጀልባም እወዳለሁ፣ ስለዚህ ከልቤ ነው የምነግርህ። ኤፕሪል ላይ አየሩ በፋረንሃይት 75 ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ናት፣ ሰው በቲሸርት ነው፣ ውሃው ግን አናፖሊስ አካባቢ ገና 50ዎቹ ውስጥ ነው፣ በሴልሺየስ ከ10 እስከ 14 ገደማ በለው። እንደዛ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ቅዝቃዜው ትንፋሹን ያስገድደዋል፣ ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያኔ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ነው የሚስበው። ዋና የሚችልም የማይችልም እኩል ነው እዚህ ላይ። አዳኞቹ 1፣ 10፣ 1 ብለው ነው የሚያስተምሩት፣ ትንፋሽህን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግርህ የሚታዘዙህ 10 ደቂቃ፣ ራስህን እስክትስት 1 ሰዓት። 10 ደቂቃዋ ካለፈች በኋላ ገመድ ብንወረውርልህ እንኳን ጣትህ አይጨብጠውም።

አንተ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወርዳት፣ ያልተፈተነች ጀልባ፣ ያልተፈተነ ሞተር፣ ሁለት ልጆችና ባህር ላይ ወጥተው የማያውቁ አባት። ወንድሜ እባክህ። ከኛ ውስጥ ደጋ ያደግነው ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም ግን ስንወስን መቁጠር ያለብን ነገር ነው።

የቤይዋ ልጅ፦

በውሃው ጉዳይ ከባልቲሞር ጋ እስማማለሁ ግን ኤፕሪልን ጨርሶ አትውጣ ማለት አይመስለኝም። ቤይ ላይ ጥሩ ነፋስ ያለው በስፕሪንግና በፎል ነው፣ ጁላይ ሲመጣ ነፋሱ ይሞታል፣ ሙቀቱ ሌላ፣ ጄሊፊሹ ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ሌላ። አናፖሊስ ኢስትፖርት ሰፈር ያሉ ጀልበኞች እኮ ስፕሪንግ የገባ ቀን ካልሲያቸውን እሳት ውስጥ ጥለው ነው ወቅቱን የሚቀበሉት፣ ከዛ በኋላ እስከ ፎል ካልሲ የማያደርግ አለ። ስለዚህ ይውረድ፣ ግን ከአንድ ጀልባ ከሚያውቅ ጎልማሳ ጋር ብቻ፣ ሁለቱም ላይፍ ጃኬት ለብሰው። ለብሰው ነው ያልኩት፣ ወንበር ሥር አስቀምጠው አይደለም።

ራምፑ ላይ የምታደርገውን ልንገርህ ከዛ አበቃሁ። ማሰሪያዎቹን ከፓርኪንጉ ፍታ፣ ከፊት ያለውን የዊንቹን (ጀልባዋን ትሬለሩ ላይ ስቦ የሚይዛትን መጠምጠሚያ) ግን እንዳትነካው። ፊትና ኋላ ገመድ እሰር፣ ፌንደሮቹን (ጎኗ እንዳይጋጭ የሚከላከሉትን ትራሶች) አንጠልጥል፣ መሪው ከፍ ይበል፣ ሞተሩም ይነሳ። ወደኋላ በቀስታ ግባ፣ ኋላዋ መንሳፈፍ ሲጀምር ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። አሁን ሰው ሁሉ ቸኩሎ የሚያልፋት ነገር ይቺ ናት፤ ከዊንቹ ሳትፈታት ወደ ኬቢኑ ግባና ያንን ቮልኬኖ በባትሪ እየው፣ የሲንኩንና የኮክፒቱን ማፍሰሻ ቱቦዎችም እያቸው፣ በቲሹ ዙሪያቸውን ጥረግ። ቲሹው ከረጠበ አውጥተህ ወደ ቤት ነው። 10 ደቂቃ ቆይተህ ደረቅ ከሆነ ፍታት። ከኋላህ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እንኳን አትሸበር፣ ፈገግ ብለህ በለው፣ ጀልባ ያለው ሰው ይገባዋል።

ዶኩ (ራምፑ አጠገብ ያለው የጀልባ ማሰሪያ መድረክ) ላይ ካሰርካት በኋላ ኪሉን አውርደው፣ እጀታውን አጥብቀህ ይዘህ እያዞርክ፣ ካመለጠችህ ተሽከርክራ እጅ ትሰብራለች። ኪሉ ተነስቶ 2 ጫማ ውሃ ይበቃታል፣ ወርዶ ግን 5 ጫማ ትፈልጋለች። ኪሉ ሳይወርድ ደግሞ በፍጹም ሸራ እንዳትሰቅል፣ ቀና የሚያደርጋት እሱ ነው፣ ነፋስ ቢጥላት ያለሱ አትነሳም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ዛሬ ከሥራ መልስ ጎንበስ ብዬ ቮልኬኖውን አየሁት፣ የታችኛው ፋሸታ በካቻቢቴ ስነካው በእጄ ላይ ተፈርክሶ ቀረ፣ ቱቦውም ደርቋል። አዲስ ቱቦና ኬብል አዘዝኩ። ጋሼ፣ ጎማዎቹ ላይ ያለው ቁጥር 1109 ነው የሚለው፣ እነሱንም እቀይራለሁ።

ባልቲሞር ያልሽው/ያልከው ነገር ባለቤቴን አሳየኋት፣ እሷም ድሮም አልተስማማችም ነበር። ስለዚህ እንዲህ ወሰንን፣ ቅዳሜ ከባልደረባዬ ጋር ለሁለታችን እናወርዳታለን፣ እዛው ክሪኩ ውስጥ እንሞክራታለን። እሁድ ቤተሰቡ ሲመጣ ዶክ ላይ እንደታሰረች ምሳ ኬቢን ውስጥ እንበላለን፣ ዳቦውን ባለቤቴ ትደፋለች፣ አባባም ገብተው ያዩዋታል። ልጆቹን ጁን ላይ ትምህርት ሲዘጋ ነው የማወጣቸው። አባባ ጁላይ ስለሚመለሱ ይደርሳሉ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፣ እሁድ እንድትቆይ ቅዳሜ ማታ ውሃ ላይ ልተዋት ወይስ ላውጣት? ሰመሩን ሙሉ ውሃ ላይ ብተዋትስ ቀለም ያስፈልጋታል?

የቤይዋ ልጅ፦

ለቀን ለቀን የምታወጣት ከሆነ የሥር ቀለም አያስፈልጋትም፣ ሰመሩን ሙሉ ከተዋት ግን ግድ ነው፣ ቤይ ውሃው ጨው ስላለው ባርናክል የሚባል ባለ ቅርፊት የባህር ፍጥረት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለጠፍባታል፣ መዳብ ያለበትን እየተሸረሸረ የሚሄደውን ዓይነት ቀለም ነው እዚህ ሰው የሚጠቀመው። ቅዳሜ ማታ ግን አውጣት። ራምፕ ላይ ያለው ዶክ ለመጫኛና ማውረጃ ነው እንጂ ለማደሪያ አይደለም፣ ምሳችሁን ለመብላት ከአንድ ማሪና የአንድ ቀን ቦታ አስቀድመህ ደውለህ ያዝ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አየሩ ጥሩ ከሆነ ቶሎ ይሞላል።

ቅዳሜ በፈረንጅ 8 ሰዓት ሳይሞላ ድረስ፣ ራምፑ ያኔ ባዶ ነው። ማታውኑ የነፋሱን አቅጣጫ እይ፣ ከሰሜን ምዕራብ በኃይል ሲነፍስ ያደረ ከሆነ ውሃውን ከቤዩ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ራምፑ ላይ ውሃ ያንስህና ጀልባዋ ከትሬለሩ አትነሳልህም፣ እንደዛ ከሆነ ለሌላ ቀን አዙረው። ድልድዩን ማለፍ ከፈለግክ ሬዲዮ ቻናል 13 ላይ ጠይቃቸው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት እዛው ነኝ፣ ሰማያዊ ካታሊና ካየህ ጠጋ በል፣ ምሰሶውን ለሦስት እናቆመዋለን።